ልብን ሳይከፍቱ የመመርመር ታሪክ



በዛሬው ንግግራችን ሐኪሞች የሰውን ደረት ሳይቀዱ ልቡን ለመመርመር እንዴት እንደ ቻሉ ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ የሚኖር ሰው ልቡ ሲደክም መጀመሪያ የሚነግረው ዳገቱ ነው። ትናንት ከፓስተር እስከ ሽሮ ሜዳ ሳያርፍ ይወጣ የነበረ ጐልማሳ ዛሬ በመንገድ መካከል ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ ቢታይ፣ ጎረቤቱ «ብርድ መትቶት ይሆናል» ይላል፤ እርሱም ራሱ እንዲሁ ያስባል። ሮበርት ብሩስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1963 ባሳተመው ሥርዓት፣ ታማሚው ትሬድሚል በሚባለው የመሮጫ መኪና ላይ ይወጣል፤ በየ3 ደቂቃውም ፍጥነቱና ዳገቱ ይጨመርበታል፤ ልብም ሥራ ሲበዛበት የሚሆነው ነገር ይመዘገባል። የጉለሌ ነዋሪ ይህን ፈተና ያለ መኪናና ያለ ክፍያ በየቀኑ ይፈተናል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕመሙ ሲበረታበት ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይሄዳል። ይህ ሆስፒታል በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ርዳታ ለድኾች መታከሚያ እንዲሆን የተሠራ ነው። ልቡን የሚያመው ሰው ምርመራ በሦስት መንገድ ይካሄዳል፤ ልቡ ይደመጣል፣ ይጻፋል፣ ከዚያም ይታያል። ከመጀመሪያው መሣሪያ እስከ ሦስተኛው ለመድረስ 137 ዓመት ፈጅቷል።

በ1816 በፓሪስ ከተማ ሬኔ ላኤኔክ የተባለ ሐኪም የልብ ሕመም ምልክት የታየባትን አንዲት ወጣት ሴት ሲመረምር፣ ጆሮውን በደረቷ ላይ ማሳረፉን እንደ ነውር ቈጠረው። ስለዚህ ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ በደረቷ፣ ሌላውን በጆሮው ላይ ቢያደርግ፣ ድምፁን ከቀድሞው ይልቅ ጥርት ብሎ ሰማው። ወረቀቱን በእንጨት ቱቦ ለውጦ በ1819 ስለ ደረት ድምፆች መጽሐፍ አሳተመ። የላኤኔክን እፍረት ከፓሪስ ሰዎች ይልቅ የእኛ እናቶች በተሻለ ይረዱት ነበር ብለን እናምናለን። በመሥሪያ ቤት ሁሉ የሚወራለትን የደም ግፊት በጆሮ እየሰሙ መለካትን ደግሞ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮፍ በ1905 ገለጠ።

ጆሮ ግን የሰማውን አያስቀምጥም። በሆላንድ አገር፣ በላይደን ከተማ፣ ቪለም አይንትሆቨን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብር የተቀባ እጅግ ቀጭን የኳርትዝ ክር በማግኔት መካከል ወጥሮ፣ ልብ በመታ ቍጥር የሚያወጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ በሥዕል መዘገበ። መሣሪያው 270 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ለማሠራትም አምስት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ታማሚውም ሁለት እጆቹንና ግራ እግሩን የጨው ውሃ በሞላባቸው ዕቃዎች ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። መሣሪያው ከቤተ ሙከራው ሊነሣ ስላልቻለ፣ በሽተኞቹ ደግሞ 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ባለው ሆስፒታል ስለ ተኙ፣ የልባቸው ምልክት በስልክ ሽቦ ይላክለት ጀመር። በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ ኢ.ሲ.ጂ. የምንለው በአንድ እጅ የሚነሣ መሣሪያ የዚያ ልጅ ነው። የልብ ምት መዛባቱን፣ የልብ ጡንቻ መጎዳቱንም ይናገራል፤ የልብ በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ ግን አያሳይም።

ይህን የሚያሳየው መሣሪያ የተገኘው በመርከብ ፋብሪካ በኩል ነው። በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ኢንገ ኤድለር የተባለው የልብ ሐኪም አንድ ችግር ነበረበት፤ በሪውማቲክ ትኩሳት የተጎዳ የልብ በር ጠብቦ እንደ ሆነ ወይም ያፈስስ እንደ ሆነ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ማወቅ ያስፈልገው ነበር። ወዳጁ የፊዚክስ ሊቅ ካርል ሄልሙት ኸርትስ በማልሞ የመርከብ ፋብሪካ ብረት በውስጡ መሰንጠቁን በድምፅ የሚፈትሹበትን መሣሪያ ተውሶ ሞከረ። ቀጥሎም ከሲመንስ ኩባንያ በተገኘ መሣሪያ ጥቅምት 29 ቀን 1953 የልብን እንቅስቃሴ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገቡ። በእንጦጦ ገደል አፍ ቆሞ የተጣራ እረኛ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ ገደሉ ቅርብ ወይም ሩቅ መሆኑን ያውቃል፤ ኢኮ የሚባለው መሣሪያም ለጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን ይቀበላል።

አድማጮቻችን ያስተውሉ ዘንድ የምንወደው ይህ መሣሪያ የተወለደበት ጥያቄ የእኛው አገር ጥያቄ መሆኑን ነው። በበለጸጉት አገሮች የሪውማቲክ ሕመም እጅግ ሲቀንስ፣ በእኛ ዘንድ ግን ወጣቶችን ማጥቃቱን አልተወም። መነሻው የጉሮሮ ቁስል ነው፤ ስትሬፕቶኮከስ በተባለው ተሐዋሲ የተያዘ ሕፃን ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነቱ ተሐዋሲውን ለመውጋት ያስነሣው ኀይል ስቶ የገዛ ልቡን በሮች ይወጋል። እንጥል ማስቈረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ቁስል ይጨምራሉ እንጂ ተሐዋሲውን አያጠፉም።

ክፋቱ ሕመሙ ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ መቈየቱ ነው። በሞዛምቢክ 2,170 ተማሪዎች ተመርምረው በ2007 በታተመው ውጤት፣ በማዳመጫና በሐኪም እጅ የተገኙት 5 ብቻ ሲሆኑ በኢኮ የተገኙት 66 ነበሩ። በአዲስ አበባ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ1999 የታተመው ጥናት ከሺሕ ተማሪዎች 6 ያህሉን ታማሚዎች ሆነው አገኛቸው፤ በጅማ ምንም ስሜት የሌላቸው ተማሪዎች በቀጥታ በኢኮ ታይተው በ2015 የወጣው ቍጥር ግን ከሺሕ 31 ገደማ ነው። ሁለቱ ከተሞች የተለያዩ ስለ ሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የመሣሪያው ነው አንልም፤ የሞዛምቢኩ ግን በእነዚያው ሕፃናት ላይ የተደረገ ስለ ሆነ አያከራክርም።

በሩ ከተበላሸ በኋላ ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት መሥርተው ብዙዎች ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ታከሙ፤ በ2009ም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ቢሆንም ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት በሺሕ የሚቈጠሩ ሆነው ቈይተዋል።

ቀድሞ የተገኘ ሕፃን ግን ምን ይጠቀማል? ለዚህ መልስ የሰጠችው ዩጋንዳ ናት። ኢኮ ገና ጅምር ሕመም ካሳየባቸው 818 ልጆች መካከል ግማሾቹ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ሲወጉ፣ ግማሾቹ ሳይወጉ ክትትል ተደረገላቸው። ሁለት ዓመት ሲሞላ ሕመሙ የባሰባቸው ካልተወጉት 33፣ ከተወጉት 3 ብቻ ነበሩ። መርፌው በእያንዳንዱ ወር ያምማል፤ ቀጠሮውም ለዓመታት ይቀጥላል፤ ደኅና ሆኖ የሚሮጥ ልጅ ለምን እንደሚወጋ ለእናቱ ማስረዳት ለነርሷ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በአንዳንድ ስፍራ በኪስ የሚያዝ ኢኮ የሰለጠኑ ነርሶች እናቲቱን ከአልጋው አጠገብ አቁመው፣ በመስተዋቱ ላይ የልጇን ልብ በር፣ ሳይገጥም የሚቀረውን ጫፍና ወደ ኋላ የሚያፈስሰውን ደም በዓይኗ እንድታይ ያደርጋሉ።