ባለሁለት እርፍ ማረሻ
ብረትና እንጨት፤ የአሜሪካ ደቡብ፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ

እርፎቹን ጠጋ ብለው ይዩአቸው። መዳፍ በሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ ሳስቶ ለስልሷል። በቅሎ የሚጎትተውን ይህን መሰል ማረሻ ይዘው ጥጥና በቆሎ ካመረቱት መካከል ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1865 ከባርነት ነፃ ለወጡት ተመድቦ የነበረው መሬት፣ ለቤተሰብ እስከ 40 ኤከር፣ በዚያው ዓመት ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች እንዲመለስ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ መሬት ያገኘ ጥቁር ገበሬ በአብዛኛው በላቡ ገዝቶ ነው።

በ1920 ጥቁር ገበሬዎች ከ925,000 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹ የሰው መሬት አራሾች። በ1982 ወደ 33,000 ወርደዋል። የትራክተር መምጣትና ወደ ሰሜን የተደረገው ስደት ድርሻ አላቸው። የዘር አድልዎ ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው፤ ሊታረም ይችል ነበርና። የመንግሥት የእርሻ ብድር ለጥቁሩ ይከለከል፣ ወይም የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ይደርስ ነበር። ዘር በወቅቱ ካልተዘራ ምርት የለም፤ ምርት ከሌለ ዕዳው መሬቱን ይበላል።

በ1997 ጥቁር ገበሬዎች በዚህ አድልዎ ምክንያት የአሜሪካን የግብርና ሚኒስቴር ከሰሱ። በ1999 በጸደቀው ስምምነት ካሳ ከተከፈላቸው አብዛኞቹ ያገኙት 50,000 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ የጠፋ እርሻ አይመለስም።