ጥርሱን ፊት ለፊት ግጠሚው

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ስለ አንዲት ልጅና ስለ አንድ ቁራጭ ብረት ላውጋችሁ።

ልጅቷ ቴክኒክና ሙያ ተምራ መርካቶ አንድ ቶርኖ ቤት ለልምምድ ገብታለች። ጋሼ የምትላቸው ባለሙያ ቁራጭ ለስላሳ ብረት ሰጧትና «በይ፣ ስድስቱንም ፊት ቀጥ አድርጊልኝ» አሏት። ማሽኑ ሚሊንግ ነው፤ ከተር በሚሉት የሚሽከረከር ባለጥርስ መቁረጫ ብረት የሚልግ። ኮምፒውተር የለው፣ ሁሉም በእጅ። ማሰሪያውን ሞርሳ ጠረገች፣ ብረቱን አሰረችበት፣ መነጽር አጠለቀች፣ ጓንቷን አወለቀች፤ የሚሽከረከር ጥርስ ጓንት ከያዘ እጅም ይዞ ይሄዳልና።

ፍጥነቱስ? «ለሃይስፒድ ከተር በደቂቃ 25 ሜትር ያዢ። በ320 አባዢና ለከተሩ ውፍረት አካፍይ።» ከተሩ ባለ 10 ሚሊ ነው፤ በደቂቃ 800 ዙር ወጣ።

ዘይት ጠብ አድርጋ መዘውሩን በፍርሃት ታዞር ጀመረች። ከተሩ ጮኸ። ይበልጥ ብታዘገየው ጩኸቱ ባሰ። «አትለማመጪው! ጥርሱ ካልነከሰ ይፋተጋል፤ ከተፋተገ ይግላል፣ ይዶለዱማል።» ጨከን ብላ ስትገፋ ድምፁ ወፈረ፤ ፍቅፋቂው ብርማ ሆኖ ይረግፍ ያዘ። ብዙ ጀማሪ ከተር የሚጨርሰው በፍርሃት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጎኑን ልትቆርጥ ስትል ጋሼ ማሽኑን አጠፉ። «መዘውሩን ወደ ቀኝ አዙሪ። አሁን ወደ ግራ መልሺ።» መለሰች። የመዘውሩ ቀለበት ላይ ያለው ቁጥር ሄደ፤ ጠረጴዛው ግን ንቅንቅ አላለም! ጠረጴዛውን የሚነዳው ብሎንና ዳዶ በአገልግሎት ብዛት ተበልተው ልቅ ሆነዋል። «ብረቱን ከጥርሱ ዙር ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሰደድሽው፣ በዚህች ልቅነት ከተሩ ጠረጴዛውን ጎትቶ ይወስድብሻል። ከተሩ ይሰበራል፣ ብረቱም ከሞርሳው ሊዘል ይችላል። ጥርሱን ፊት ለፊት ግጠሚው። ልክ ካለፈብሽ ደግሞ ወደኋላ በደንብ መልሰሽ እንደገና ከዚያው አቅጣጫ ነይ።»

ልጅቷ ማሽኑ እንደጠፋ መዘውሩን ወዲያ ወዲህ እያለች ቆየች፤ የቱ ጋ ባዶ እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደሚይዝ በመዳፏ እስክትለየው ድረስ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው፦ ጠርዙን በሞረድ ማለስለስ፣ ሞርሳውን በብሩሽ መጥረግ። ፀጉር የምታህል ፍቅፋቂ ከሥር ከቀረች ፊቱ ይዛነፋል።

ሲያልቅ ጋሼ ስኳድራ አስጠግተው ወደ ብርሃን አነሱት። በአንዱ ጥግ ቀጭን ብርሃን ሾለከ። «ድገሚው» አሉና ሌላ ቁራጭ ሰጧት።

ቶርኖ ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለቁራሌው ከምትሸጡት ብረት ላይ ለተለማማጅ ጥቂት አስቀሩ። ልቅነቱን በወረቀት ማስተማር አይቻልም፤ መዘውሩን አስይዟቸው።