ቅብብል፦ ጠመንጃ የሚነክሰው የት ላይ ነው?

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ውስጥ «ጠመንጃውን አቀባበለ» ሲባል ልጅም ይገባዋል። ጥይቷ ከካዝናዋ ወጥታ በርሜሉ ውስጥ ገብታለች፣ የቀረው ቃታ መሳብ ብቻ ነው ማለት ነው። ቃሉ የተወለደው «ተቀበለ» ከሚለው ግስ ነው። አንዱ ሲሰጥ፣ ሌላው ሲቀበል፣ በመካከል ሆኖ የሚያገናኛቸው አቀባባይ ይባላል። የጠመንጃ ባለሙያዎች «ሳይክሊንግ» ለሚሉት ነገር የአማርኛ አቻ ሲፈለግ ይህን ግስ ማለፍ የቤትን እሳት ትቶ ጎረቤት ፍም እንደመለመን ይሆናል።

ሳይክሊንግ ሲባል ብዙው ሰው ብስክሌት መንዳት ይመስለዋል። በጠመንጃ ነገር ግን አንድ ጥይት ተተኩሶ ቀጣዩ እስኪዘጋጅ ድረስ ያለውን የሥራ ሰንሰለት ይጠራል። ጥይቷ ትተኮሳለች፣ መዝጊያው ይከፈታል፣ ባዶው ቀለህ ተስቦ ይወጣና ወደ ውጭ ይወረወራል፣ መምቻው ይወጠራል፣ አዲስ ጥይት ከካዝናው ይነሣና በርሜሉ ይጎርሰዋል፣ መዝጊያው ይዘጋል። አባቶቻችን በያዙት ውጅግራ ይህን ሁሉ የሚሠራው የተኳሹ እጅ ነበር። ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳዮች ግራ ጠመንጃ ነው፤ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ ተከፍቶ በእጅ ይጎርሳል።

እጁን ከመካከል ያወጣው የተኩሱ የራሱ ኃይል ነው። ሃይረም ማክሲም በ1884 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ ወደ ኋላ ሲገፋ ትከሻን የሚመታውን ጉልበት ይዞ ቀጣዩን ጥይት እንዲያጎርስ የሚያደርግ መትረየስ ሠራ። ሌሎች ደግሞ ጥይቷን ከሚገፋው የባሩድ ጋዝ ጥቂቱን ጠልፈው መዝጊያውን እንዲከፍት አደረጉት። አሜሪካ በ1936 እ.ኤ.አ. ለሠራዊቷ የመረጠችው ኤም ዋን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀውም ይህንኑ የአሜሪካ መሣሪያ ነበር።

እንደ ኤም ዋን ያለውን ጠመንጃ «ከፊል አውቶማቲክ» ማለት ተለምዷል። ስያሜው ስሕተት ባይሆንም አንባቢን ያሳስታል፤ «ከፊል» ሲባል የጎደለ ነገር ያለ ይመስላልና። የጎደለ ነገር የለም። ጠመንጃው ራሱ ያጎርሳል፣ ራሱ ይወጥራል፣ ለእያንዳንዱ ተኩስ ግን ቃታው አንድ ጊዜ መሳብ አለበት። ስለዚህ «ራሱን አቀባባይ ጠመንጃ» ብንለው ሥራውን በስሙ እናገኘዋለን።

ለሳይክሊንግ «ዑደት» የሚል አቻ የሚያቀርቡ አሉ። ዑደት ክቡር ቃል ነው፤ ታቦት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሲዞር የምንለው ነው። መዞርን ይነግረናል፤ አንዱ ክፍል ለሌላው ማቀበሉን ግን አይነግረንም። የጠመንጃው ምስጢር ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ የእኔ ምርጫ «ቅብብል» ነው። ስታዲየም ገብቶ የዱላ ቅብብል ያየ ሁሉ ነገሩን ወዲያው ይይዘዋል። ዱላው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሁለት እጆች መካከል ነው፤ የጠመንጃ ብልሽትም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንዱ ክፍል ለሌላው በሚያቀብልበት ቦታ ነው።

ይህን ስም ከያዝን ሌሎቹ የቆዩ ቃሎቻችን በየቦታቸው ይቀመጣሉ። አማርኛ ጠመንጃን እንደ በላተኛ ነው የሚያየው፤ ያጎርሱታል፣ ይጎርሳል፣ ይነክሳል። መምቻው መትቶ ጥይቷ ሳትነሣ ስትቀር «ከሸፈ» እንላለን። ዛሬ ስለ ዕቅድና ስለ ታሪክ የምንናገርበት ቃል የጠመንጃ ሰውም ቃል ነው። ቀለሁ ሳይወጣ መዝጊያው ላይ ሲቀረቀር «ነከሰ» ይባላል። ቀለሁ ወጥቶ አዲሱ ጥይት ካልገባ «አልጎረሰም» ነው። ሦስቱ የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው፤ ሦስቱንም «ተበላሸ» ብሎ ማለፍ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ፈረንጆች «ትረብልሹቲንግ» የሚሉትን ሥራ እኔ «ሳንካ ፍለጋ» እለዋለሁ። ሳንካ ፍለጋ የሚጀምረው ቅብብሉ የቱ ጋ እንደተቋረጠ በትክክለኛው ስሙ ከመጥራት ነው፤ ጥፋቱ የጥይቷ ነው፣ የእድፍ ነው፣ ወይስ የብረቱ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እዚህ ላይ በእጅ የተሠራ ጠመንጃ ነገር ይነሣል። ባለ እጅን አከብራለሁ፤ ማረሻችንን፣ ማጭዳችንንና ምሣራችንን የሰጠን እሱ ሆኖ ሳለ «ቀጥቃጭ» እየተባለ መናቁ ያሳዝነኛል። ነገር ግን ራሱን የሚያቀባብል መሣሪያ ከመዶሻና ከሞረድ በላይ ነው። በውጅግራ ዘመን ብረቱ ሲሻክር የተኳሹ እጅ ይሰማውና ይታገሠዋል፣ ያግዘዋል፣ ወይም ይተወዋል። ራሱን በሚያቀባብል ጠመንጃ ቅብብል ውስጥ ግን እጅ የለም። ሁሉም ነገር ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል፣ የሚገፋውም የታመቀ ጋዝ ነው። የፋብሪካ ጠመንጃ ክፍሎቹ በልክ ወጥተው፣ ብረቱ በእሳት ጠንክሮና ተፈትኖ ነው የሚገጣጠመው። እንዲህ ያልተፈተነ ብረት ነከሰ ሲባል ሳንካው አንድ ቦታ ላይሆን ይችላል፤ ሁሉም እጅ ዱላውን በተለያየ ፍጥነት ይዞ ይሮጣልና።

አገራችን ይህን ትምህርት በጋፋት አይታዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችንና ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ባለሙያዎቹ አብዛኞቹ ለስብከት የመጡ ነበሩ እንጂ መድፍ አቅልጠው አያውቁም፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎችም ከሸፉ። ደጋግመው ሞክረው በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አወጡ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንት በኩል የጨጨሆን ዳገት ወጥተው፣ መንገዱን ራሳቸው እያስጠረጉ፣ ድንጋዩን በባሩድ እያፈረሱ፣ መድፉን በገመድ እያስጎተቱ መቅደላ ያደረሱት ወደ ስድስት ወር በፈጀ ጉዞ ነው። ዛሬ በነፋስ መውጫ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ የዚያን ገመድ ጎታች ሕዝብ ላብ ቢያስብ ይገባዋል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው የእሮጌ ጦርነት ከመቅደላ ትላልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ባሩዱን ከልክ በላይ አጉርሰውት ነበር ይባላል። እንግሊዞች በዚያ ቀን የያዙት ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ሲሆን ተኳሹ በደቂቃ ብዙ ጊዜ ማቀባበል ይችል ነበር። የጋፋት ሰዎች ድፍረትም ትጋትም አልጎደላቸውም። የጎደላቸው የመለኪያና የፍተሻ ሥርዓት ነው፤ ዛሬ በጓሮ ጠመንጃ የሚሞርደውን ሰው የሚጎድለውም ይኸው ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን መሣሪያ እንዴት እንደሚያስተካክሉት አልጻፍኩም፤ አልጽፍምም። ያለ ፈቃድ ጦር መሣሪያ መሥራትና መጠገን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው። ከሕጉም በፊት ዓይንና ጣት አሉ። የነከሰን ቀለህ በቢላዋ ወይም በሚስማር የሚፈለቅቅ፣ የከሸፈን ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ ራሱ አዙሮ የሚመለከት ሰው የቅብብሉ መጨረሻ እሱ ሊሆን ይችላል። የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊነሣ ይችላልና።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላላችሁ አንባቢዎች የምለው ይህን ነው። በሠርግም ሆነ በለቅሶ ጠመንጃ «ከሸፈ» ወይም «ነከሰ» ሲባል ብትሰሙ ጥይት እንደጎረሰ ቍጠሩት፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ጣታችሁን ከቃታው አንሡ፣ ልጆችን አርቁ፣ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ወይም ለፖሊስ አስረክቡ።