የበዛብህ ልቅሶ በሆሳዕና

በምድር ላይ ኖሮ ለማያውቅ ሰው የሚያለቅስ ሰው ሞኝ ነውን? ይህን ጥያቄ የማነሣው ለቧልት አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ልቅሶ በሆሳዕና ከተማ፥ በአያቴ ቤት፥ በዐይኔ ስላየሁ ነው።

ነገሩ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። አርተር ኮናን ዶይል የተባለው ስኮትላንዳዊ ደራሲ፥ ሼርሎክ ሆምስ የሚባል ወንጀል መርማሪ ፈጥሮ ሕዝቡ እጅግ ከወደደለት በኋላ፥ እርሱ ራሱ ስለ ሰለቸው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1893 ከፏፏቴ ገደል ጥሎ ገደለው። አንባቢዎቹ ግን የቍጣ ደብዳቤ አዘነቡበት፤ ታሪኩን ያወጣ የነበረውን መጽሔት መግዛት የተዉም ብዙ ነበሩ። ደራሲው ዐሥር ዓመት ያህል ከታገሠ በኋላ፥ በ1903 ያን የገደለውን ሰው ከገደሉ በሕይወት እንደ ወጣ አድርጎ ሊመልሰው ግድ ሆነበት። ፍጡሩ ከፈጣሪው እጅ ወጥቶ የአንባቢ ገንዘብ ሆኖ ነበርና።

በእኛ አገር ለዚህ ፍቅር ዋናው ምስክር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው ጎጃም ተወልደው ያደጉ፥ በጣልያን ወረራ ዘመን ዘምተው የተማረኩና በጣልያን ደሴት የታሰሩ፥ ኋላም በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ሆኖም በ1996 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ አብዛኛው ሰው ያዘነው ለባለሥልጣኑ አልነበረም፤ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አባት ነበር እንጂ።

የእነዚህ ሰዎች ስም ከመጽሐፉ ወጥቶ በአገር ውስጥ ሲዘዋወር ይገኛል። እውነቱን ሲናገር እንደ እብድ የሚቈጠር ሰው በየመሥሪያ ቤቱ «ጉዱ ካሣ» ይባላል፤ የሚሰድበው በቍልምጫ ይለዋል፥ የሚያደንቀውም እንዲሁ። ሰብለ ተብላ የተጠራች ልጅ ያልገጠመችው አስተማሪ ያለም አይመስለኝም። እርግጥ ነው፥ ስሙ ከመጽሐፉ በፊት የነበረ ነው። የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት ሰብለ ወንጌል ይባሉ ነበር፤ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ መንግሥቱን በሞግዚትነት ያስተዳደሩት ንግሥት እሌኒ ደግሞ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነበሩ። ስለዚህ የዚያ ቤተ መንግሥት ወሬ ለሐዲያ ፈጽሞ ባዕድ ነው ለማለት አይቻልም።

ነገር ግን ጥንት ዋቸሞ በሚባለው በሆሳዕና፥ በዱራሜና በአንጋጫም ጭምር፥ በገበያና በእልፍኝ የሚነገረው ሐዲይኛና ከምባትኛ ነው። ዐማርኛ የትምህርት ቤትና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጠቀመባቸው 15 ቋንቋዎች ሐዲይኛና ከምባትኛ ሁለቱ መሆናቸው የሚያስታውሰን፥ ፊደል ወደ እነዚህ ቤቶች የገባው ምን ያህል ዘግይቶ እንደ ሆነ ነው። ታዲያ የዲማው የቅኔ ተማሪ ወደ እንሰት ጓሮ በምን መንገድ ደረሰ?

በሬዲዮ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ልብ ወለዱን ሲተርክ፥ መጽሐፉን መግዛት ያልቻለው ቀርቶ ማንበብ የማይችለው እንኳ ባለቤት ሆነበት። ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ በኵራት ይነፋል፤ ሰብለን ሲሆን ይለሰልሳል። ሰሚው በዛብህን ወደደው ስንል የወደደው ሐዲስን ነው ወይስ ወጋየሁን? እኔ ሁለቱን መለየት አልችልም፤ መጽሐፉን ዛሬ ለብቻዬ ሳነብም የሚሰማኝ የወጋየሁ ድምፅ ነው።

አያቴ ዐማርኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል ነበር። ስለዚህ ትረካው በመጣ ቍጥር እኔ ተማሪው ከሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጬ ወደ ሐዲይኛ እመልስላቸዋለሁ። ቅኔና ደብተራ የሚለውን እንዴት እንደ ተረጐምሁት እግዜር ይወቀው! ዋናው ነገር ግን አላመለጣቸውም፤ የድኻ ልጅ የባላባት ልጅ ወደደ፥ ባላባቱም እንቢ አለ። ይህ አስተርጓሚ አያሻውም። በሳምንቱ መካከል ወተት ሲንጡ በድንገት ቀና ብለው፥ «ያ ልጅ እንደ ምን ሆኖ ይሆን?» ይሉኝ ነበር፤ የሚጠይቁኝ ሩቅ አገር ስለ ሄደ የዘመድ ልጅ እንደሚጠየቅ አድርገው ነው።

ሰብለ የመነኵሴ ልብስ ለብሳ በመንገድ ስትፈልገው ቈይታ፥ ሊሞት ሲያጣጥር ያገኘችበት ቀን ደረሰ። ወጋየሁ ዝግ ብሎ ያነባል። እኔ መተርጐም አቃተኝ። በመጨረሻም፥ «ደክሞት ተኛ» አልኋቸው። ኮናን ዶይል በአንባቢ ጩኸት ተገዶ ያደረገውን፥ እኔ ማንም ሳያስገድደኝ አደረግሁት።

አያቴ ግን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ተወው ልጄ፤ ሰውየው በድምፁ ነግሮኛል» አሉኝ። ጥቂት ቈይተውም፥ «ለእናቱ ሌላ ልጅ አላት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የላትም፤ እርሱ ብቻ ነው» አልሁ።

ሬዲዮኑን እንድዘጋው አዘዙኝ። በዚያ ዕለት በቤታችን ቡና አልተፈላም።