የ2009ኙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፦ ሜክሲኮ የአደጋ ጊዜ ምላሿን እንዴት አቀናጀች?

እ.አ.አ. ኤፕሪል 23/2009 ምሽት የሜክሲኮ የጤና ሚኒስትር ሆሴ አንኼል ኮርዶቫ በቴሌቪዥን ቀርበው በማግስቱ በርዕሰ ከተማዋና በአጎራባቹ የሜክሲኮ ግዛት ትምህርት ቤቶች እንደማይከፈቱ አስታወቁ። በዚያው ዕለት ከካናዳ የደረሰው የላቦራቶሪ ውጤት፣ ወጣቶችን ጭምር ይገድል የነበረው ከባድ የሳንባ ሕመም መንስኤ አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ቫይረሱ ‘የአሳማ ጉንፋን’ ወይም ኤችዋንኤንዋን በሚል ስም ታወቀ።

ከውጤቱ እስከ ውሳኔው የወሰደው ጊዜ ሰዓታት ብቻ ነበር። ይህ ፍጥነት ቀላል አይደለም፤ 31 ግዛቶችና ርዕሰ ከተማዋ የየራሳቸው የጤና አስተዳደር አላቸው፤ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋሙም ሆስፒታሎቹን ለብቻው ያስተዳድራል። ይሁንና የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ከባድ ወረርሽኝ ሲከሰት የጤና ሚኒስቴሩ አስፈላጊውን እርምጃ ወዲያውኑ እንዲወስድ፣ ፕሬዝዳንቱም በኋላ እንዲያጸድቁት ይደነግጋል። ፕሬዝዳንት ፌሊፔ ካልዴሮን ኤፕሪል 25 ያወጡት ድንጋጌ ሚኒስቴሩ ሕሙማንን ለይቶ እንዲያቆይ፣ ተጓዦችን እንዲመረምርና ሕዝባዊ ስብሰባዎችን እንዲያግድ ሥልጣን ሰጠው።

ወታደሮች በየባቡር ጣቢያው የፊት ጭምብል አደሉ። የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ያለ ተመልካች ተካሄዱ። ከሜይ 1 እስከ 5 ደግሞ አስፈላጊ ያልሆኑ የመንግሥትና የንግድ ሥራዎች በመላ አገሪቱ ቆሙ፤ በዕለት ገቢ ለሚተዳደረው ነዋሪ እርምጃው ከባድ ነበር።

ምላሹ የላላው በቆጠራው ላይ ነው። ባለሥልጣናት ከ150 የሚበልጡ ሞቶች ከበሽታው ጋር ሳይያያዙ እንዳልቀሩ ሲናገሩ፣ በላቦራቶሪ የተረጋገጡት በወቅቱ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። የአገሪቱ ላቦራቶሪ አዲሱን ቫይረስ የሚለይበትን ዘዴ እስኪታጠቅ ድረስ፣ በመግለጫዎች ላይ ይወጡ የነበሩት አኃዞች ከፍ ዝቅ ማለታቸው የሕዝቡን ጥርጣሬ አባባሰው። ‘የተጠረጠረ’ እና ‘የተረጋገጠ’ የሚሉት ቃላት ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ቢብራራ ኖሮ ብዙ ውዥንብር በቀረ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በማርጋሬት ቻን መሪነት ኤፕሪል 25 ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ አወጀ፤ በተሻሻለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መሠረት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ድርጅቱ ድንበር እንዳይዘጋ ቢመክርም ኩባና አርጀንቲና ከሜክሲኮ የሚመጡ በረራዎችን አገዱ። ቻይና የበሽታው ምልክት ያልታየባቸውን ሜክሲኳውያን ሳይቀር ለይታ በማቆየቷ፣ ሜክሲኮ ዜጎቿን ለማስመለስ አውሮፕላን ላከች። በሽታውን በይፋ ያሳወቀ አገር የከፈለው ዋጋ ይህ ነበር።

በግብፅ የሆነው ግን ከዚህ ይለያል። በአገሪቱ አንድም ሕመምተኛ ሳይገኝ፣ መንግሥት ኤፕሪል 29 ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ አሳማዎች በሙሉ እንዲታረዱ አዘዘ። በሽታው የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው በመሆኑ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች እርምጃውን ተቃወሙ። አሳማዎቹን ያረቡ የነበሩት በአብዛኛው ኮፕት ክርስቲያን የሆኑ የካይሮ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ነበሩ፤ ከየቤቱ የሚሰበስቡትን የምግብ ትራፊ ለእንስሳቱ ይቀልቡ ነበር። ትእዛዙ ሲወጣ ትራፊው ወዴት እንደሚሄድ የታሰበበት አይመስልም። ሰብሳቢዎቹ ኑሯቸው ተናጋ፤ በወራት ውስጥም የሚበሰብስ ቆሻሻ በካይሮ ጎዳናዎች ተከመረ።