ስለ ጐራዴና ስለ አምሳያው
በሰንዳፋ አካባቢ የታየና የተሰማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን መንገድ የሚጓዝ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሰንዳፋን ያገኛል። ከተማይቱ ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋራ ሁና ዋናውን ከተማ ከከበቡት ከተሞች አንዲቱ ስትሆን፥ ከ2015 ዓ. ም. ወዲህ ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ሸገር በሚባል አንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ብዙው ሰው ሰንዳፋን የሚያውቃት በፖሊስ ትምህርት ቤቷ ነው። ለታሪክ ተማሪ ግን ከእርሷ ባሻገር ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚዘረጋው አገር ይበልጥበታል፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ. ም. ንጉሥ ሚካኤል የተማረኩበት የሰገሌ ጦርነት የተደረገው በዚያ በኩል ነውና። በዚያን ቀን መድፍና መትረየስ አስቀድሞ ተናገረ፤ ጐራዴ ግን ገና ከሰው ወገብ አልወረደም ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጦርነቱን መተረክ አይደለም። ጐራዴው ራሱ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደ ነበረ፥ ዛሬ አምሳያውን ማን እንደሚሠራውና አያያዙን የሚያውቅ ሰው ተርፎ እንደ ሆነ ጥቂት ለማስረዳት ነው። ወደዚህ ምርመራ ያገባኝም የገዛ ራሴ ስሕተት ስለ ሆነ፥ ቢያሳፍርም ከእርሱ እጀምራለሁ።

በውጭ አገር ትምህርቴን ጨርሼ እንደ ተመለስሁ፥ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ ጐራዴ ገዛሁ። በስለቱ ላይ አንበሳና የዳግማዊ ምኒልክ ስም ተቀርጾበታል፤ አፎቱ በቀይ ባሕር አረብ የተለበጠ ሁኖ ከዳር ዳሩ ተቀዳዷል፤ ብረቱም ዝጓል። ነጋዴው ዐድዋ የዋለ ነው አለኝ፤ እኔም የሁለት ወር ደመወዜን ከፍዬ እንደ ታቦት አክብሬ ወደ ቤቴ ወሰድሁት። ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ እጀታው ስለ ላላ፥ በሰንዳፋ የታወቁ አንድ ብረት ሠሪ እንዲያጠብቁልኝ ይዤ ሄድሁ። እርሳቸውም ጐራዴውን ከአፎቱ መዘው ጥቂት ካገላበጡት በኋላ እጀታውን አወለቁና፥ ወደ እጀታው የሚገባውን የብረቱን ጭራ በሞረድ አንድ ጊዜ ፋቅ አደረጉት።

«መምህር፥ ይህን ስንት ገዙት?» ብለው ጠየቁኝ።

ነገርኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ይህ የመኪና ባሌስትራ ነው። የሠራሁትም እኔ ነኝ። ዝገቱን ግን እኔ አላበጀሁትም፤ ጨውና ሎሚ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበረ። እኒህ ሰው ለዐድዋ በዓል ሰልፍ የሚታጠቁ ሰዎች ሲያዝዟቸው አምሳያ ጐራዴ ይሠራሉ፤ አምሳያ ነው ብለው በአምሳያ ዋጋ ይሸጣሉ። ከገዙአቸው አንዱ ለነጋዴ ሽጦት፥ ነጋዴው ደግሞ ዕድሜ ጨምሮበት ኑሯል። ወደ ነጋዴው ተመልሼ ብከራከር ገንዘቤን አልመለሰልኝም። እኔን ግን ከገንዘቤ ይልቅ የብረት ሠሪው ፊት አሳዘነኝ። እርሳቸው እንደ ተሰረቁ ሰው ሁነው ነበር፤ በእጃቸው ሥራ ሰው ተታሏልና።

ከዚያ ወዲህ፥ ቅጅ የሚባለው ምንድን ነው፥ እውነተኛስ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። ጥያቄው ሲመረምሩት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አባቶቻችን ከታጠቁአቸው መሣሪያዎች ሾተሉ እንደ ማጭድ የጐበጠ፥ ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ፥ በሁለት ወገን ስለት ያለው ነው፤ ሰይፉ ቀጥ ያለ ነው፤ ጐራዴ የሚባለው ደግሞ እንደ ፈረሰኛ ሻምላ በጥቂቱ የቀለሰ ነው። ሾተሉን የአገር ቀጥቃጭ ይሠራው ነበር። የጐራዴው ስለት ግን በተለይ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ብዙውን ጊዜ ከአውሮጳ የመጣ ነው፤ በጀርመን አገር ዞሊንገን ከምትባለው የስለት ከተማ፥ ከለንደንም ከዊልኪንሰን ፋብሪካ። አንበሳውና የአማርኛው ጽሕፈት ሳይቀር በዚያው ተቀርጾ ይመጣ ነበር። ፊደላችንን ማንበብ የማይችል የዞሊንገን ሠራተኛ የንጉሠ ነገሥቱን ስም ከወረቀት እያየ በብረት ላይ ሲገለብጥ፥ እርሱም ቅጅ መሥራቱ አልነበረምን? አንዳንዱ ጐራዴ ላይ ፊደሉ ተጣሞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እንግዲህ «የአገር ጐራዴ» የሚያሰኘው ስለቱ ሳይሆን፥ የአገር ሰው ያበጀለት እጀታ፥ የአገር ፋቂ ያለፋው የአፎቱ ቆዳና የአገር ሰው የሚታጠቅበት ሥርዓት ነው።

እጀታው በቀድሞ ጊዜ ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር። አውራሪስ ከአገራችን ጠፍቷል፤ የቀንዱም ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1977 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ተከልክሏል። የሰንዳፋው ብረት ሠሪ የሚሠሩት ከበሬ ቀንድ ወይም ከወይራ እንጨት ነው። ስለቱን እንዴት እንደሚያወጡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ባሌስትራውን በከሰል እሳት አግለው በጉጠት ይይዙና መስፉ ላይ ያጋድሙታል፤ ልጃቸው ወናፉን ይነፋል፤ መዶሻው ከጀርባው ወደ ስለቱ እየሳሳ ይወርዳል። የጐራዴውን ቅልሳት የሚለኩት በሜትር አይደለም፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ከክርናቸው ጀምሮ ያስተያዩታል። ወፍጮ በኤሌክትሪክ ቢገባላቸውም መጨረሻውን የሚያቃኑት በሞረድ ነው። ከአባታቸው የተማሩት ማረሻና ማጭድ መሥራትን ነበር፤ ጐራዴን የተማሩት አንድ አሮጌ ጐራዴ ሊጠገን በመጣላቸው ጊዜ ፈትተው በማየት ነው።

በአካባቢው ኦሮምኛ እንዲህ ያለው ባለ እጅ ቱምቱ ይባላል። ቃሉ የሙያ ስም ነው፤ ነገር ግን በኦሮምኛም ሆነ «ቀጥቃጭ» ወይም «ጠይብ» በሚለው አማርኛ፥ ስሙ ብዙ ዘመን የስድብ መንፈስ ተሸክሞ ኑሯል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እኔን ሰደበ የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ በ1900 ዓ. ም. እስከ ማውጣት የደረሱት ለዚህ ነው። አርበኛው በታጠቀው ጐራዴ ሲፎክር፥ የሠራለት ሰው ከማዕዱ እንዳይቀርብ ይደረግ ነበር። የጐራዴ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ቢያልፍ ግማሹን እንደ ጻፈ ይቈጠራል።

አሁን ወደ አያያዙ ልምጣ። በእንግሊዝ አገር ተማሪ ሳለሁ፥ ስለት በሌለው አምሳያ ሰይፍ የጥንቱን የአውሮጳ ፍልሚያ የሚለማመዱ ሰዎች አይቻለሁ። መጫወቻ መስሎኝ ነበር፤ ግን አልነበረም። እያንዳንዱን ምት ከመጽሐፍ ያወጡታል። ሊድስ በሚገኘው የጦር መሣሪያ ቤተ መዘክር የተጠበቀው፥ በ1300 እ. ኤ. አ. ገደማ የተጻፈ አንድ የብራና መጽሐፍ፥ አንድ ካህን ደቀ መዝሙሩን በሰይፍና በትንሽ ክብ ጋሻ ሲያሠለጥን በሥዕል ያሳያል፤ በአውሮጳ ከታወቁት የፍልሚያ መጻሕፍት ሁሉ የቀደመ ነው ይባላል። እነርሱ እጁ ከጠፋ በኋላ ከመጽሐፉ እጁን ለማስነሣት ይደክማሉ። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንዲህ ያለ የፍልሚያ መጽሐፍ በእጃችን የለም፤ ያለን ምናልባት በጥቂት ሽማግሌዎች ዘንድ የቀረ እጅ ብቻ ነው።

ስለ እኛ የጻፉት የውጭ ሰዎች ናቸው። ከ1843 እስከ 1846 እ. ኤ. አ. በትግራይ የኖረው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ሕዝቡ ኑሮና ልማድ በሰፊው ተናግሯል። ሐረርን በ1855 የጐበኘው ሪቻርድ በርተን ግን በ1884 ስለ ሰይፍ በጻፈው መጽሐፍ ሾተልን ክፉኛ ይነቅፈዋል፤ እጀታው ጠባብ ነው፥ ከአፎቱም ለመምዘዝ ያስቸግራል ይላል። በርተን በሰይፍ ጥበብ የተካነ ሰው ስለ ነበረ፥ ነቀፌታውን አንብቤ ለረጅም ጊዜ አምኜው ኖርሁ።

በኋላ ከብረት ሠሪው ዘንድ ስለት የሌላቸው፥ ጫፋቸው የደነዘ አራት ጐራዴዎችና ሁለት ሾተሎች አሠርቼ፥ ከጥቂት ተማሪዎቼ ጋራ በሰንዳፋ ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ መለማመድ ጀመርን። ፊታችንን በሽቦ ጭምብል እንከልላለን። የጐሽና የጉማሬ ቆዳ ስለማይገኝ ጋሻውን ከበሬ ቆዳ አሠርተናል። የአገሩ ልጆች ከብት እየጠበቁ ሲስቁብን፥ አንድ ቀን ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኵዘው ቆመው ተመለከቱን። ጐራዴውን ሁላችንም እንደ አውሮጳ መኰንን በግራ ጐናችን ታጥቀን ነበር።

«ልጄ፥» አሉኝ፥ «ጋሻህን የት ልታደርገው ነው?»

በግራ እጄ እንደምይዘው አሳየኋቸው።

«እንግዲያ ጐራዴው ግራ ምን አገባው? ግራ የጋሻ ነው። በግራህ ከታጠቅህ ለመምዘዝ ክንድህን ከጋሻው ሥር ልታሾልክ ነው፤ ያን ጊዜ ጋሻው ይከፈታል፤ ባለጋራህ የሚጠብቀው ያችን ነው። በቀኝህ ታጠቅ» አሉኝ።

ኢትዮጵያውያን ጐራዴን በቀኝ መታጠቃቸው በብዙ ጸሓፊዎች የተመዘገበ ነገር ነው፤ እኔም በንግግሬ ላይ ለተማሪዎች ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ነገር ግን ምክንያቱን በሰውነቴ ያወቅሁት በዚያች ቅዳሜ ነው። ሽማግሌው ሾተሉንም ተቀብለው፥ ጋሻ ከያዘው ተማሪዬ ፊት ቀስ ብለው አነሡትና፥ ጉብጠቱን በጋሻው ከንፈር ላይ አሻግረው ጫፉን በልጁ ትከሻ ላይ አሳረፉት። ልጁ ጋሻውን እንደ ያዘ ነው፤ ጋሻው ግን አላዳነውም። ማጭድ መምሰሉ ለዚህ ኑሯል። ጠባቡን እጀታ በተመለከተም፥ «በጣትህ አትጫወትበት፤ ጨብጠህ ከትከሻህ አውርድ» አሉ። እንዳሉት ስናደርግ እጀታው ዳርና ዳሩ ሰፋ ብሎ መዳፍን አጥብቆ ይይዛል፤ አንጓ አይወላገድም። በርተን ሾተሉን የመዘነው በለመደው በአውሮጳ ሰይፍ ሚዛን ይመስለኛል። ከአፎት ለመምዘዝ ያስቸግራል ያለው ግን እውነት ነው፤ እኛም እስከ ዛሬ ያስቸግረናል።

ሽማግሌው ይህን የተማሩት በጦር ሜዳ አይደለም። አያታቸው ለሰገሌ የዘመቱ ነበሩ፤ እርሳቸው ግን በልጅነታቸው በበትር እየተለማመዱ ከአያታቸው ያዩት ነው። አምሳያ መሣሪያ ይዞ መለማመድ ከአውሮጳ የመጣ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። በጥምቀት በጃን ሜዳ ሲታይ የኖረው የፈረስ ጉግስ ምንድን ነው? አሳዳጁ በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረውራል፤ ተሳዳጁ ከፈረሱ አንገት ላይ ተደፍቶ ወይም በጋሻው መክቶ ያመልጣል፤ ከዚያ ደግሞ ተራቸውን ይለዋወጣሉ። ዘንጉ የጦር አምሳያ ነው፤ ጨዋታውም ትምህርት ቤት ነው። በሰንዳፋ ዙሪያ ያለው የቱለማ ኦሮሞ በፈረስ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ፉከራ ግን ሌላ ነው። ፎካሪ ጐራዴውን መዞ ሲያወናጭፍ ማየት ደስ ያሰኛል፥ ነገር ግን ሽማግሌው እንደ ነገሩኝ «ያ ለዓይን ነው፤ ይህ ለነፍስ ነው»። ከእኛ ዘንድ ፉከራን አይተው የጐራዴ ጥበብ መስሏቸው የሚጽፉ ስላሉ፥ ልዩነቱን ማስታወስ ይገባል።

እውነተኛ አሮጌ ጐራዴ ይዞ መለማመድ አይቻልም፤ ይሰበራል፥ ደግሞም ይገድላል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነውን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። በመቅደላ በ1860 ዓ. ም. የተዘረፈውን ያህል ብዙ ሲወጣ ማየት ለማይፈልግ ሰው፥ ለጐብኚ የሚሸጥ ጥሩ አምሳያ መኖሩ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ሰብሳቢዎች ወዳጆቼ ግን አምሳያ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እነዚሁ ሰዎች በሎሚ የዛገውን ባሌስትራ በዐድዋ ስም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አኑረውት እንደ ሆነ በምን ያውቃሉ? እኔ አላወቅሁም ነበር።

ብረት ሠሪው ግን አንድ ነገር አሰቡ። አሁን በሚሠሩት ጐራዴ ሁሉ፥ ከእጀታው በታች በስለቱ ጀርባ ላይ፥ የተሠራበትን ዓመት በግዕዝ ቍጥር በመሮ ይቀርጻሉ። ይህን ያደረጉት ማንም ሳያዝዛቸው ነው። ደንበኞች አይወዱላቸውም፤ «ዓመቱን ተዉት፥ በዐድዋ ሰልፍ ላይ ያሳፍረናል» እያሉ ይለምኗቸዋል፤ ዓመት የሌለበትን ፈልገው ወደ ሌላ ሠሪ የሄዱም አሉ። እርሳቸው ግን አልተዉም።

የእኔንም ጐራዴ መልሼ ወሰድሁላቸው። ዝገቱን አጥበው፥ እጀታውን በወይራ ለውጠው፥ መቼ እንደ ሠሩት ጥቂት ካሰቡ በኋላ ፳፻፲፩ ብለው ቀረጹበት። የጥገናውን ዋጋ ብጠይቃቸው እንቢ አሉ፤ አስገድጄ ከፈልሁ። ዛሬ በቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አይገኝም፥ ተማሪዎቼ ይዘውት ሰንዳፋ ይውላሉና።