የድሬዳዋ ሕፃናትና የቀትር ሐሩር

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ በቆላው ሜዳ በተቆረቆረችው ድሬዳዋ፣ ሱቁ ተዘግቶ ሕዝቡ ከሐሩሩ የሚጠለልበት የቀትር ልማድ፣ ለአዋቂዎች ዕረፍት ቢሆንም፣ ልጆቻቸውን በጥላ ሥር ለሚያቆዩ እናቶች ግን የትጋት ሰዓት ነበር። ለከዚራ ሰፈር ሕፃናት የመንገዱ ዳር ዛፎች ጥላ ይበቃቸው ነበር፤ በመጋላ ሰፈር በኩል ያሉቱ ግን ለኳስ የሚመቸው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ስለሚጠራቸው፣ እርሱም በቀትር ባዶ እግርን እንደ ምጣድ ስለሚለበልብ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መውረድ ይከለከሉ ነበር። በእኔ አስተያየት፣ ከሐሩሩ ይልቅ የሚያስፈራው ውኃው ነው፤ በከተማይቱ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናም በዚያው አሸዋ ላይ በድንገት ይደርሳልና። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ነፍሳት አጥፍቷል።